የኮላጅን ዱቄት ለደረቀ ፊትና ለማድያት፦ ይጠቅማል ወይ? እንዴትስ ይመረጣል?

ድሬ_ሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው፣ ዕድሜዬ 41። የፊቴ ቆዳ ይደርቃል፣ ዓይኔ ጠርዝ ላይ ሽብሽብ ጀምሯል፣ ሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ደግሞ ማድያት አለ። ከዱባይ የሚመጣ 300 ግራም የኮላጅን ዱቄት ልገዛ አስቤአለሁ። ጣሳው ላይ «ማሪን ኮላጅን፣ ሃይድሮላይዝድ» ይላል፤ ቫይታሚን ሲ እና ባዮቲንም ተጨምሮበታል። ሻጯ በአንድ ወር ፊት ያጠራል፣ ማድያት ያጠፋል ትላለች።

እውነት ይሠራል ወይ? በቀን ስንት ግራም፣ ለስንት ጊዜ ነው የሚወሰደው? ዱቄቱ ትክክለኛ መሆኑን ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል? ጎረቤቴም አብራኝ ልትገዛ ነው፤ እሷ ሐላል መሆኑን፣ እኔ ደግሞ በጾም የሚወሰድ መሆኑን ማወቅ እንፈልጋለን። ከቃሲል (ፊት ከሚታጠቡበት የቅጠል ዱቄት) ጋር በጥብጦ ፊት ላይ መቀባትስ? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ከዚራ_ፋርማሲ

እህቴ፣ ማድያት አያጠፋም። ኮላጅን ከቆዳ ቀለም ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። እንዲህ ብሎ የሚሸጥ ሰው ወይ አያውቀውም፣ ወይ ጣሳው ውስጥ ሌላ ነገር አለ። «ዋይትኒንግ» (ማንጫ) ወይም «ግሉታታዮን» (ቆዳ ያነጣል ተብሎ የሚሸጥ) የሚል ጽሑፍ ካየሽበት ተይው።

ለድርቀትና ለሽብሽብ ግን ትንሽ ሊረዳ ይችላል። የምትጠጪው ኮላጅን እንዳለ ሄዶ ፊትሽ ላይ አይቀመጥም። ጨጓራና አንጀት ይሰባብሩታል፤ አብዛኛው እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ ይለወጣል። ጥቂቱ ግን ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆኖ እንደተያያዘ ወደ ደም ይገባል። በተለይ ፕሮሊንና ሃይድሮክሲፕሮሊን የተያያዙበት ቁራጭ ከተጠጣ በኋላ ደም ውስጥ ተለክቶ ተገኝቷል። ኮላጅን የሚሠሩት የቆዳ ሴሎች ይህን ቁራጭ ሲያገኙ «ኮላጅን እየፈረሰ ነው» ብለው አዲስ ማምረት ይጀምራሉ ነው ሐሳቡ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ 19 ጥናቶችንና 1,125 ሰዎችን የያዘ ትንተና ከ90 ቀን ገደማ በኋላ የቆዳ እርጥበትና መለጠጥ መሻሻሉን አሳይቷል። በ2025 ደግሞ 23 ሙከራዎችን የሰበሰበ ሌላ ትንተና ወጣ። እዚያም ሁሉም አንድ ላይ ሲደመሩ ውጤቱ ጥሩ ነው፤ በኩባንያ ገንዘብ ያልተሠሩት ብቻቸውን ሲታዩ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ጥራታቸው ከፍ ያሉትን ብቻ ሲለዩም እንደዚያው። የሚገዛ ሰው ይህን አውቆ ይግዛ።

መጠኑ በቀን ከ2.5 እስከ 10 ግራም ነው፣ በየቀኑ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ5 ግራም ሒሳብ 12 ሳምንት 420 ግራም ይጠይቃል፤ ያንቺ ጣሳ በ60 ቀን ያልቃል። በ10 ግራም ሒሳብማ አንድ ወር ብቻ ነው። አንድ ጣሳ ጨርሶ «አልሠራም» ወይም «ሠራ» ማለት ለሁለቱም ጊዜው ገና ነው። እንክብሉ ደግሞ እያንዳንዱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ 1 ግራም ነው የሚይዘው፤ 5 ግራም ለመሙላት ከአምስት እስከ አሥር መዋጥ አለብሽ። ሰው በቀን ሁለት ውጦ ገንዘቡን ይጨርሳል።

ጠዋትም ማታም ቢወሰድ ለውጥ የለውም። ሻሂ ወይም ቡና ውስጥ ቢገባ ኮላጅኑ አይበላሽም፤ ሲመረት በሙቀት ያለፈ ነው። የተጨመረበት ቫይታሚን ሲ ግን በትኩስ ውሃ ስለሚቀንስ ያንቺውን በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ በጥብጪው። ከመግዛትሽ በፊት ጀርባውን አንብቢ፦ በ10 ግራም ዱቄት ውስጥ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን መኖር አለበት። 3 ወይም 4 ግራም ካለ የቀረው ስኳርና ማጣፈጫ ነው። ዋጋ ስታወዳድሪም በጣሳ ሳይሆን በጠቅላላ የፕሮቲኑ ግራም አካፍዪው።

ቃሲሉ ላይ አትጨምሪው። ቆዳ የሚያሳልፈው 500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢና ከዚያ ያነሰ ሞለኪውል ነው፤ የተፈጨው፣ ማለትም ተሰባብሮ ያነሰው «ሃይድሮላይዝድ» ኮላጅን እንኳ ከ2,000 እስከ 5,000 ዳልተን ነው። ላዩ ላይ ይቀራል፣ ትታጠቢዋለሽ። በኮላጅን ቅባትም ያው ነው፤ ለጊዜው ያለሰልሳል እንጂ ከውስጥ የሚሠራው የለም።

ቆዳ_ክፍል

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ የምለየው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ድሬ ላይ እየኖሩ ፀሐይን ሳይከላከሉ ኮላጅን መጠጣት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። የፀሐይ ጨረር ቆዳ ውስጥ ሲገባ ሴሎቹ ኮላጅንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች እንዲያመርቱ ያደርጋል። በየቀኑ እየተቆረጠ ባለበት 5 ግራም ዱቄት የትም አያደርስም። ማድያቱ ደግሞ በአብዛኛው የብርሃንና የሆርሞን ጉዳይ ነው።

ሐረር ያላችሁም አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ አትዘናጉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሐረር ከድሬ በ600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። የሚያቃጥለው ሙቀቱ ሌላ፣ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር ሌላ ነው።

ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) 30 ወይም 50 ቁጥር ግዢ። 30ው ቆዳ የሚያቀላውን ጨረር 97 በመቶ ያህል ያስቀራል፣ 50ው 98 በመቶ፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከመጠኑ ነው። ለፊትና ለአንገት አመልካችና መሐል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ሁለት መስመር አውጪና ሁሉንም ቀቢ። ሰው በአብዛኛው የዚህን ሩብ ወይም ግማሽ ስለሚቀባ 50 ቁጥሩ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል አይከላከልለትም። ከመውጣትሽ 15 ደቂቃ በፊት፣ ከዚያ ውጭ ካለሽ በየ2 ሰዓቱ፤ ላብ ካጠበሽም ወዲያው። ጠንካራው ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ነው። ነጠላ ስስ ስለሆነ ብዙ ያሳልፋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ሻሽ ወይም ጃንጥላ ይሻላል። ባጃጅ ውስጥ ሲሆኑም ፀሐይ የሚመታው ጎን ይረሳል።

ለማድያት ተራ ሰንስክሪን አይበቃም። በዓይን የሚታየው ብርሃንም፣ በተለይ ሰማያዊው፣ እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ማድያትን ያባብሳል፤ ነጩ ሰንስክሪን ይህን አያግድም። የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ነው። ቡናማ ቀለሙ ከቆዳሽ ጋር ስለሚሄድ አመድ የመሰለ ነገርም አይተውብሽም። የወሊድ መከላከያ የምትጠቀሚ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ሆርሞን ያለበት ማድያት ያስነሳል። ሕክምናው ላይ አዜላይክ አሲድ ከ15 እስከ 20 በመቶ አለ። ሃይድሮክዊኖን (ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት) በሐኪም ትእዛዝ ብቻ፣ ለተወሰኑ ወራት። ሻጮች ራሳቸው በጥብጠው የሚሸጡትን «ሚክስ» ክሬም ግን እባካችሁ ራቁት። ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ አለበት፤ መጀመሪያ ያጠራል፣ ቀጥሎ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ ደም ሥር ይወጣል፣ ብጉርና ጸጉር ያበቅላል፣ ሲተዉት ደግሞ ማድያቱ ብሶ ይመለሳል።

ለሽብሽብ ከኮላጅን ዱቄት ይልቅ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ትሬቲኖይን (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ ቅባት) ነው። 0.025 በመቶ፣ አተር የምታክል ለመላው ፊት፣ ማታ፣ በደረቀ ፊት ላይ፣ መጀመሪያ በየሦስተኛው ቀን። ቶሎ በየቀኑ የጀመረ ሰው ፊቱ ይላጣል፣ ይተወዋል። ለነፍሰ ጡርና ለማርገዝ ለምታስብ አይሆንም።

ድርቀቱን በተመለከተ ውሃውን ተመልከቺ። የድሬ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ሳሙና ሲነካው የማይታጠብ ስስ ቅሪት ቆዳ ላይ ይተዋል። ፊትን በደረቅ ሳሙና ከመታጠብ በለስላሳ የፊት መታጠቢያ ማታ አንድ ጊዜ፣ ጠዋት በውሃ ብቻ። ፎጣ ሳታሺበት አድርቂውና ገና ርጥብ እያለ ግሊሰሪን አንድ እጅ ለውሃ ሁለት እጅ በጥብጠሽ ቀቢ፣ ላዩን በስሱ ቫዝሊን። ያልተበጠበጠ ግሊሰሪን ደረቅ ፊት ላይ አትቀቢ፤ ያጣብቃል፣ አቧራም ይይዛል። ብጉር የሚበዛብሽ ከሆነ ቫዝሊኑን ተይው። ቃሲሉም ሳፖኒን ስላለው እንደ ሳሙና ነው የሚሠራው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ10 ደቂቃ ሳያልፍ፣ ፊት ላይ ደርቆ ሳይሰነጠቅ ታጠቢው።

ጁገል_ሐረር

የሐላሉን እኔ ልመልስ። ጣሳው ላይ ምንጩ መጻፍ አለበት። ማሪን ከሆነ ከዓሣ ቆዳና ቅርፊት፣ ቦቫይን ከከብት፣ ፖርሳይን ከአሳማ ነው። ምንጩን ሳይናገር «ኮላጅን» ወይም «ጄላቲን» ብቻ ያለውን ተዉት። ዓሣ እርድ ስለማያስፈልገው ለጎረቤትሽ ቀላሉ እሱ ነው። የከብት ከሆነ ማኅተም ያስፈልጋል፤ ማኅተሙ ላይ ያረጋገጠው ድርጅት ስም ከሌለ ማንም ያተመው ቃል ነው።

ሰው የማያየው እንክብሉን ነው አቦ። ውስጡ የዓሣ ሆኖ ልባሱ የአሳማ ጄላቲን ሊሆን ይችላል፣ ማስቲካ መሳዩ ጉሚም እንዲሁ። ዱቄት ከገዛችሁ ይህ ጣጣ የለም። በረመዳን ካፈጠረች በኋላ ከውሃ ጋር ብትወስደው ይበቃል፤ ሱሑር ላይ የግድ አይደለም።

ላብ_ቴክ

ቤት ውስጥ ስለሚደረገው ፍተሻ። ማንኛቸውም «ይህ የዓሣ ኮላጅን ነው» ብለው አያረጋግጡም፤ ግልጽ ማጭበርበርን ግን ያጋልጣሉ።

መጀመሪያ አንድ የሻሂ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ። የተፈጨ ኮላጅን ሟሙቶ ጥርት ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ውሃ ይሆናል፣ ሲናጥ አረፋ ያወጣል። እንደ ወተት ከነጣ የወተት ዱቄት ወይም ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። ከሥር ነጭ ዝቃጭ ከቀረ ስታርች ጠርጥሪ።

ለስታርቹ ከፋርማሲ የሚሸጠው ቤታዲን ይበቃል። በብጥብጡ ላይ ሁለት ጠብታ ጨምሪ፤ ሰማያዊ ጥቁር ከሆነ ስታርች አለበት። እዚህ ላይ ግን ያንቺ ዱቄት ቫይታሚን ሲ አለው፣ ቫይታሚን ሲ ደግሞ የአዮዲኑን ቀለም ያጠፋል። ጠብታው ገብቶ ወዲያው ውሃው ሲጠራ ታያለሽ። ያኔ «ስታርች የለውም» ብለሽ አትደምድሚ። ቡናማው ቀለም ሳይጠፋ እስኪቆይ ድረስ ጠብታ ጨምሪና ከዚያ ፍረጂ። የተበጠበጠውን ድፊው፣ አይጠጣም። ማልቶዴክስትሪን የሚባለው ርካሽ መሙያ ግን በዚህ ላይያዝ ይችላል። ለእሱ ቁንጥር ዱቄት አሮጌ ማንኪያ ላይ አድርገሽ እሳት ላይ ያዢ፦ ፕሮቲን የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ መሙያው ከበዛ የተቃጠለ ስኳር ሽታ ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ 10 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪ። እንደ ጄሎ ከረጋ ጄላቲን ነው እንጂ ሃይድሮላይዝድ አይደለም። ጄላቲን አይጎዳም፣ ግን በኮላጅን ፔፕታይድ (በተሰባበረው ኮላጅን) ዋጋ መግዛት የለብሽም።

ከባድ ብረት መኖሩን ቤት ውስጥ ማየት አይቻልም፤ ለዚህ የምርት ቁጥር፣ የአምራች አድራሻና የገለልተኛ ላብራቶሪ ምርመራ ያለውን መምረጥ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመዘገበው ከሆነ ደግሞ ጥሩ። ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የከረመ ጣሳ ስትከፍቺው ዱቄቱ ድንጋይ ከሆነ እርጥበት ገብቶበታል፣ መልሺው። ቤትም ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጪው፤ ቀዝቃዛ ጣሳ በድሬ ሙቀት ሲከፈት የአየሩ እርጥበት ዱቄቱ ላይ ያርፍበታል። ጥላ ያለበት ቁምሳጥን፣ ደረቅ ማንኪያ።

ድሬ_ሳቢያን

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ በሚቀጥለው ሳምንት የታይሮይድ ምርመራ አለኝ፣ ከዚህ በፊት ደግሞ የኩላሊት ጠጠር ነበረብኝ። ችግር አለው? የእግር ሾርባ ብጠጣስ ዱቄቱን ይተካል?

ላብ_ቴክ

ይህን መጻፍሽ ጥሩ ሆነ። ችግሩ ባዮቲኑ ነው። ለአዋቂ በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃል፤ የውበት ምርቶች ግን 5,000 ወይም 10,000 ይጨምሩበታል። ብዙ የሆርሞን መመርመሪያ ማሽኖች ባዮቲንን ለሥራቸው ስለሚጠቀሙ ደም ውስጥ ሲበዛ ንባቡን ያዛባል፦ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) በሐሰት ዝቅ፣ ቲ4 (ታይሮይድ የሚያመርተው ሆርሞን) በሐሰት ከፍ ይልና ታይሮይድሽ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በዝቷል ይባላል። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚለይበት ትሮፖኒንም በሐሰት ዝቅ ሊል ስለሚችል የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከምርመራው በፊት አትጀምሪ። ከጀመርሽ በኋላ ደም ስትሰጪ ቢያንስ 2 ወይም 3 ቀን አቁሚና ለላብራቶሪው ንገሪ። ከሁሉም የሚሻለው ባዮቲን የሌለበትን መግዛት ነው፤ እጥረት ለሌለው ሰው ቆዳ የሚጨምረው ነገር የለም።

ከዚራ_ፋርማሲ

ለጠጠሩ፦ ኮላጅን ውስጥ ያለው ሃይድሮክሲፕሮሊን ጉበት ውስጥ በከፊል ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል፣ ኦክሳሌት ደግሞ ከካልሲየም ጋር የተለመደውን ጠጠር ይሠራል። ቫይታሚን ሲም በብዛት ሲወሰድ እንዲሁ። በድሬ ሙቀት ላብ ስለሚበዛ ሽንት ይወፍራል፣ ያኔ ነገሩ ይደራረባል። የጠጠርሽ ዓይነት ካልሲየም ኦክሳሌት ከነበረ እኔ ዱቄቱን አልመክርም። ዓይነቱን የማታውቂ ከሆነም ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትጀምሪ። ጎረቤትሽም ኩላሊቷ ደካማ ከሆነ፣ ዓሣ የማይስማማት ከሆነ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ትተወው።

ሥነምግብ_ድሬ

ሾርባው ምግብ ነው እንጂ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት አይደለም። አንዱ ድስት ውስጥ ያለው ከሌላው በብዙ ይለያያል። ለመሥራት አንድ ኪሎ ተለብልቦ የታጠበ የበግ ወይም የፍየል እግር፣ 3 ሊትር ውሃ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፤ በቀስታ እሳት ከ4 እስከ 6 ሰዓት። ሲንተከተክ አይሁን፣ ስቡ ከውሃው ጋር ይዋሃድና ይደፈርሳል። ቀዝቅዞ ከረጋ ጄላቲኑ ወጥቷል ማለት ነው። እኛ አገር ሙቀት ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት፤ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ቶሎ ፍሪጅ፣ ሲጠጣ እንደገና ማፍላት። ጠጠር ላለበት ሰው ይህም ቢሆን በልኩ ነው፤ ያው ሃይድሮክሲፕሮሊን ነው።

ገንዘቡን ምግብ ላይ ብታውዪው የተሻለ ነው እላለሁ። ኮላጅን ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ የለውም፣ ብቻውን ሙሉ ፕሮቲን አይደለም። 60 ኪሎ የሆነች ሴት በቀን 48 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልጋታል። እንቁላል አንዱ 6 ግራም፣ የባቢሌ ለውዝ መቶ ግራሙ 25 ግራም ገደማ፣ ቀሪውን ሽሮና ምስር ይሞሉታል። ለውዙና ምስሩ በጾምም አሉ። ሰውነት ኮላጅንን ሲያጠናክር ቫይታሚን ሲ እና ብረት የግድ ይፈልጋል። ለሴት በቀን 75 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ይበቃል፤ አንድ መካከለኛ ዘይቱን ብቻውን ከዚያ ያልፋል፣ ቀፊራ ገበያ ላይ በወቅቱ ሞልቶ ይሸጣል። ከሽሮው ጋር ብትበዪው ብረቱም ይሰርጻል። ሻሂና ቡናውን ግን ከምግብ አንድ ሰዓት አርቂው፣ ብረቱን ያግዱታል።

የጾሙን ጥያቄ ማንም ስላልነካው፦ የዓሣም የከብትም ኮላጅን ከእንስሳ ነው። ዓሣን በጾም ስለመብላት የሰው አያያዝ ስለሚለያይ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። «ቪጋን ኮላጅን» የሚባለው ኮላጅን የለበትም፣ ተክል ኮላጅን አይሠራም፤ አሚኖ አሲድና ቫይታሚን ነው። ሐኪምሽ ፈቅዶልሽ 12 ሳምንት መሞከር ከፈለግሽ ከፍልሰታ ፍቺ፣ ከነሐሴ 16፣ እስከ ጾመ ነቢያት መግቢያ ኅዳር 15 ድረስ 13 ሳምንት አለ። ጽጌን የማትጾሚ ከሆነ የሚያቋርጥሽ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ስትጀምሪ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ ምንም ሳትቀቢ ፎቶ ተነሺ፤ በ12ኛው ሳምንት እዚያው ቦታ ድገሚው። ሰንስክሪኑንና ኮላጅኑን በአንድ ቀን አትጀምሪ፤ ሰንስክሪኑ ሁለት ወር ይቅደም፣ አለበለዚያ የትኛው እንደሠራ አታውቂም።

ድሬ_ሳቢያን

ተረድቻለሁ። የጠጠሩን የምርመራ ወረቀት ፈልጌ አገኘሁት፣ ካልሲየም ኦክሳሌት ይላል። ዱቄቱን ትቼዋለሁ። አይረን ኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪን ስገዛ ጀርባው ላይ ምን ብዬ ልፈልግ?

ቆዳ_ክፍል

«ቲንትድ» የሚል ፊቱ ላይ ይኖራል። ዝርዝሩ ውስጥ «አይረን ኦክሳይድስ» ወይም ሲአይ 77491፣ 77492፣ 77499 የሚሉትን ቁጥሮች ፈልጊ። ሦስቱም ካሉ ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ ተቀላቅለዋል ማለት ነው። አገጭሽ ጠርዝ ላይ ሞክረሽ፣ ከሱቁ ውጭ በቀን ብርሃን አይተሽ ከቆዳሽ ጋር የሚሄደውን ግዢ።